ኮፒ ቤት ከፍታችሁት የቀረውን ቴሌግራም እንዴት ትዘጉታላችሁ? (ስለ ቶክንም ትንሽ)

ድሬ ላይ ሲቪ ፕሪንት የሚደረገው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዚራ ወይ ሳቢያን አንዱ ኮፒ ቤት ይገባል፣ ቴሌግራም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ ፋይሉ ይወርዳል፣ ይታተማል፣ ሂሳብ ተከፍሎ ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ ቤት። ቴሌግራሙስ? አቦ፣ እሱማ እዚያው ቀረ። ገጹን በኤክስ መዝጋት መውጣት አይደለም።

አንድ ድረ ገጽ ላይ ስትገቡ ሰርቨሩ ማንነታችሁን አንዴ ያረጋግጥና ለዚያ ኮምፒውተር ቶክን ይሰጠዋል፤ ረጅም፣ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የይለፍ ቃላችሁ ሳይሆን እሱ ነው። መሥሪያ ቤት በር ላይ ቦርሳ አስቀምጣችሁ የምትቀበሉትን ቁጥር አስቡት፤ ጥበቃው ስትወጡ የሚያየው ቁጥሩን እንጂ ፊታችሁን አይደለም። ቴሌግራም በውስጡ የሚጠቀምበት ቁልፍ ይባላል፣ ሥራው ግን ያው ነው። በእጁ የያዘው ሰው እናንተን ሆኖ ይገባል።

ስለዚህ አሁኑኑ ስልካችሁን አውጡ።

1. ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ክፈቱ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች በሙሉ ይዘረዘራሉ። ከተማው የሚገመተው በኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ ድሬ ቁጭ ብላችሁ አዲስ አበባ ቢላችሁ አትደንግጡ። ይልቅ የመሣሪያውን ስምና ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበትን ቀን እዩ።

2. የማታውቁትን ነክታችሁ ተርሚኔት በሉት። ማጣራቱ ከሰለቻችሁ ከያዛችሁት ስልክ በቀር ሁሉንም በአንዴ የሚዘጋ ቁልፍ አለ፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ይህን ነገ አደርገዋለሁ ማለት ግን አያዋጣም፤ አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የቆዩትን ማስወጣት አይችልም፣ የመግቢያ ኮዳችሁን የወሰደ ሰው ካለ ልትቀድሙት የምትችሉት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

3. እዚያው ገጽ ላይ ሳይነካ የቆየ መሣሪያ በራሱ እንዲወጣ የሚያደርገውን ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት አሳጥሩት።

4. ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩ። ይኼ አዲስ የሚገባውን ያግዳል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ደረጃ አትዝለሉ።

ለወደፊቱ ደግሞ ጨርሶ አትግቡ። ፋይሉን ለኮፒ ቤቱ አካውንት ላኩት፣ ሲታተም ከሁለታችሁም በኩል አጥፉት።

ቦት (ቴሌግራም ላይ በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) የሠራችሁ ካላችሁ የናንተ ጉዳይ ይብሳል። ቦት የሚመዘገብበት የቴሌግራም አካውንት፣ ቦትፋዘር፣ የሚሰጣችሁ ቶክን፣ ያ በቁጥር ጀምሮ ሁለት ነጥብ ጣል አድርጎ በፊደል የሚቀጥለው፣ ለቦቱ ሙሉ ሥልጣን ነው። የቦቱን ኮድ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ስትጭኑ ወይም ግሩፕ ውስጥ «እስቲ ይኼን እዩልኝ» ብላችሁ ስክሪንሾት ስትለጥፉ አብሮ ይወጣል። ከወጣ ቦትፋዘር ላይ ሪቮክ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ፣ አሮጌው ይሞትና አዲስ ይሰጣችኋል።

ቻትጂፒቲ ላይ የምትሰሙት ቶክን ሌላ ነው፣ ምስጢርም አይደለም። ሞዴሉ ጽሑፍን የሚያነበው ቆራርጦ ነው፣ አንዱ ቁራጭ ቶክን ይባላል። በእንግሊዝኛ አንድ ቶክን በግምት 4 ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ቆራጩም በብዛት የሠለጠነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛ ብዙ ቦታ ይሰባበራል። በኤፒአይ (የራሱን ፕሮግራም ከሞዴሉ ጋር አገናኝቶ) የሚሠራ ሰው የሚከፍለው በቶክን ብዛት ነው፣ ስለዚህ ያው ጥያቄ በአማርኛ ሲሆን ሊወደድበት ይችላል። ወሬው ሲረዝምም ሞዴሉ በአንዴ ሊይዝ የሚችለው የቶክን መጠን ቶሎ ይሞላና መጀመሪያ ያላችሁትን መርሳት ይጀምራል።

ሁለቱ የሚገናኙት የቦታችሁ ኮድ አልሠራ ብሎ ለኤአይ ስታሳዩት ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት የቦቱን ቶክን አጥፍታችሁ በቦታው «ቶክን እዚህ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስህተቱን ለማግኘት እሱን ማየት አያስፈልገውም።