ስኳር ያለባትን ድመት ባለቤቷ እስክትመለስ እንዴት እንጠብቃለን?

ገና ሲቃረብ የዋሽንግተንና የሜሪላንድ አበሻ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል። ድመቷ ግን ቤት ትቀራለች። ጤነኛ ከሆነች ችግር የለም፤ ጎረቤት ብቅ እያለ ምግብና ውሃ ቢሰጣት ይበቃታል። ስኳር ያለባት ከሆነች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትና ማታ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ኢንሱሊን መወጋት አለባት። ያኔ ስልክ ይደወላል። "አንቺ እኮ ድመት ትወጃለሽ። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።"

እሺ ከማለታችሁ በፊት የሥራ ሰዓታችሁን አስቡ። ሁለት ሥራ የምትሠሩ፣ ፈረቃችሁ የሚለዋወጥ፣ ኡበር ይዛችሁ ኤርፖርት የምታመሹ ከሆነ ይቅርባችሁ። ይሉኝታ ለዚህ አይሆንም። የማታውን መርፌ እኩለ ሌሊት ላይ ከሚሰጥ እሺ ባይ፣ ከመጀመሪያው እምቢ ያለ ሰው ለድመቷ ይሻላታል።

ከመሄዷ በፊት

ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አብራችሁ ዋሉ። የጠዋቱን መርፌ ባለድመቷ ትስጥ፣ እናንተ ተመልከቱ። የማታውን እናንተ ስጡ፣ እሷ ትመልከት። እሷ ስትወጋ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። እጃችሁ የሚንቀጠቀጠው ብቻችሁን ስትሆኑ ነውና ያ ቪዲዮ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ይስፈር። የምግቡ ዓይነትና መጠን፣ የኢንሱሊኑ ስም፣ ስንት ዩኒት እንደምትወስድ፣ የሐኪሟ ስልክ፣ ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ድንገተኛ ክፍል አድራሻ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ማታ ብላችሁ ጻፉ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። "አንድ ሰዓት ላይ ውጊያት" ሲባል አንዱ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ይገባዋል፣ እዚህ ያደገው ልጅ ደግሞ ከምሳ በኋላ። ኢንሱሊን እንዲህ ያለ ስህተት አይችልም።

ሌላው ገንዘብ ነው። በገና ሰሞን እዚህ ማታ 7 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ገና አልነጋም፤ በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ባለድመቷ ተኝታለች፣ ስልኳም ዝግ ሊሆን ይችላል። የድንገተኛ ክፍሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ለሐኪሟ ስማችሁን ታስመዝግብ፣ ሕክምና እንድታስጀምሩ የፈቀደችበትን ደብዳቤ ትፈርም፣ ካርዷን ትተው። እስከ ስንት ዶላር እንደሚወጣም ጠይቋት። "አታሟርቺ" ልትላችሁ ትችላለች። ጠይቁ እንጂ።

ሲሪንጁን አትመኑት

ብዙ ሰው የሚፈራው መርፌውን ነው። እኔ ግን ሲሪንጁን፣ መድኃኒቱ የሚሳብበትን ባለ ቁጥር ቱቦ፣ ፍሩ እላለሁ። ለእንስሳት ተብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ብዙውን ጊዜ ዩ-40 ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት አለው ማለት ነው። ለሰው የሚታዘዘው በአብዛኛው ዩ-100 ነው፣ አንዳንድ ድመቶችም እሱን ይወስዳሉ። ሲሪንጁ ከኢንሱሊኑ ጋር ካልገጠመ መጠኑ ይዛባል። ዩ-100 ኢንሱሊን በዩ-40 ሲሪንጅ እስከ 2 ድረስ ብትስቡ፣ ድመቷ የምታገኘው 5 ዩኒት ነው። ይህ ሊገድላት ይችላል። በተገላቢጦሹ ደግሞ ከሚያስፈልጋት ግማሹን እንኳ አታገኝም።

የዩ-40 ክዳን ብዙ ጊዜ ቀይ፣ የዩ-100 ብርቱካናማ ነው። ቢሆንም ቀለሙን አይታችሁ አትለፉ፣ ሲሪንጁ ላይ የተጻፈውን ከብልቃጡ ጋር አስተያዩ። በተለይ እናታችሁም ስኳር ኖሮባቸው የእሳቸው መድኃኒት እናንተ ቤት ካለ፣ የድመቷን ዕቃ ለብቻው በሳጥን አድርጉ።

ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። ከመሳባችሁ በፊት የሚደረገው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ቬትሱሊን የሚባለው በደንብ ይወዘወዛል። ፕሮዚንክ ግን በመዳፍ መካከል በቀስታ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ወረቀታችሁ ላይ ይኑር።

መርፌው

መጀመሪያ ምግብ ስጧት። ከበላች በኋላ ትወጋላችሁ። እምቢ ካለች ወይም የበላችውን ካስመለሰች መርፌውን አትስጡ፤ ሐኪሟ ጋ ደውሉ። በራሳችሁ "ግማሹን ልስጣት" ብላችሁ አትወስኑ።

ሳህኑን እየላሰች ሳለ ከጎኗ ተቀመጡ። ትከሻዋ አካባቢ ወይም ጎኗ ላይ ቆዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ላይ አንሱት። እንደ ትንሽ ድንኳን ይቆማል። መርፌውን ከድንኳኑ ሥር አስገቡ፣ ግፉ፣ አውጡ። መርፌው በጣም ቀጭን ስለሆነ ብዙዎቹ መላሳቸውን እንኳ አያቆሙም። ቦታውን በየጊዜው ቀያይሩ፤ ዛሬ ግራ ከሆነ ነገ ቀኝ።

አሁን ቦታውን በጣታችሁ ዳብሱት። ጸጉሩ ከረጠበና የመድኃኒት ሽታ ካለው መርፌው በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ኢንሱሊኑ ጸጉሯ ላይ ፈስሷል። ያኔ እጅ ድጋሚ ልውጋ ልውጋ ይላል። አትድገሙ! ምን ያህሉ እንደገባ ማወቅ አትችሉም። አንድ መርፌ ቢያመልጣት ለጥቂት ሰዓት ስኳሯ ከፍ ይላል፤ ሁለት ብትወስድ ግን በአንድ ሌሊት ልትሞት ትችላለች። የሚቀጥለውን በሰዓቱ ስጡ።

ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ የወጋ ሰው ወዲያው ምልክት ያድርግ። "ሰጥተሃታል?" "አዎ መሰለኝ" የሚባል ነገር አይሠራም።

ስኳሯ ሲወርድ

በጣም የሚያሰጋው ይህ ነው። ትደክማለች፣ ስትሄድ ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗ ፈዞ አንድ ቦታ ይቀራል። አንዳንዴ በድንገት ትራባለች። ሲብስ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋታል።

መብላት ከቻለች ወዲያው አብሏት። ካልቻለች ማር በጣታችሁ ድዷ ላይ ቀቡ። ማር መቼም ከአበሻ ቤት አይጠፋም። የስኳር ሽሮፕም ይሆናል። ራሷን ከሳተች ፈሳሽ አፏ ውስጥ አታፍስሱ፣ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። እያንዘፈዘፋት ከሆነ ጣታችሁን ጥርሷ መሃል አታስገቡ። ከቀባችሁ በኋላ ነቃ ብትልም ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ የማር ጉልበት ቶሎ ያልቃል። የሚቀጥለውን መርፌ ሐኪም ሳያዝ አትስጡ።

ጉርሻና እንግዳ

የገና ሰሞን ቤቱ ይሞላል። አንዱ አክስት የዶሮ ወጥ ቁራሽ ከገበታ ሥር ጣል ያደርጋሉ፣ በፍቅር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው፤ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳሉ። መብሰሉ አያድናትም፣ ወጣችን ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የስኳሯን ሚዛን ማዛባቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። እንግዳ ገና በር ላይ ሳለ ንገሩት፣ አለዚያም በዚያን ዕለት ድመቷን ሌላ ክፍል አስገቧት።

ታይለኖልም እንዲሁ። አሟት ነው ብሎ የሰው ፓራሲታሞል መስጠት ድመት መግደል ነው። ሊሊ የሚባለው አበባ በስጦታ ከመጣ ቤት አይግባ፤ ብናኙ ሳይቀር ኩላሊቷን ይጨርሳል።

በየቀኑ ምን ያህል እንደበላችና እንደጠጣች፣ አሸዋዋ ውስጥ ስንት የሽንት ጓል እንዳለ ጻፉ። ምግብ እምቢ ካለች፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ደውሉ። ወንድ ከሆነ ደግሞ አሸዋው ላይ ቆሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው እስከ ጠዋት አትጠብቁ፣ በዚያችው ሰዓት ውሰዱት።

ያገለገሉትን መርፌዎች ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ የልብስ ሳሙና ዕቃ ውስጥ ክተቱ። ቀጥታ ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉም።

ባለድመቷ የምትመለስበትን ቀን ደግሞ ለይታችሁ ተነጋገሩ። በረራ ይዘገያል፣ ሰው ደክሞ ይገባል። የዚያን ዕለት የማታውን መርፌ ማን እንደሚሰጥ ከመሳፈሯ በፊት ወስኑ። "ደርሻለሁ፣ እኔ እወጋታለሁ" ብላ እስክትጽፍላችሁ ድረስ ቁልፉ እናንተ ጋ ይቆይ።