ተንከባካቢ ከመቅጠራችሁ በፊት አረጋዊ ሰው እንዴት እንደምታነሳ እዩ
ለአረጋዊ ወላጅ ተንከባካቢ ስትቀጥሩ በወሬ ብቻ አትወስኑ። እየከፈላችኋት 2 ወይም 3 ቀን እናንተ ባላችሁበት አሠሯት፤ በተለይ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ስታዛውራቸው ልብ ብላችሁ እዩ። ሥራውን የምታውቅ ሰው ወንበሩን ጠንካራ በሆነው ጎናቸው በኩል ታስጠጋለች፣ ፍሬኑን ትይዛለች፣ የእግር ማሳረፊያውን ከመንገድ ታነሳለች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ 1 ወይም 2 ደቂቃ ታስቀምጣቸዋለች፤ ከተኙበት በቀጥታ ከተነሱ የደም ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊያዞራቸውና ሊወድቁ ይችላሉ። ክንዳቸውን ወይም ብብታቸውን ይዛ ከጎተተች ትከሻቸው ይጎዳል። ይህ በትምህርት ይስተካከላል፤ ስትታረም የምታኮርፈውን ግን ባትቀጥሯት ይሻላል። ለቀድሞ አሠሪዋም ደውላችሁ ለምን እንደተለያዩ ጠይቁ። መድኃኒቱን ከነመጠኑና ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ስጧት፤ በቃል የተነገረ ይምታታል።