የጌም አኒሜሽን ፊልም ክፍል ሁለት ሲጻፍ፦ ገጸ ባህሪው እንዳይሳሳ

ፕሌስቴሽን ቤት ጆይስቲክ የያዘ ልጅ ጀግናው ለምን እንደሚሮጥ አይጠይቅም። የሚፈልገውም፣ የሚፈራውም፣ ሲሸነፍ የሚበሽቀውም ራሱ ልጁ ነው። ያው ጀግና ወደ ፊልም ሲገባ ግን ጆይስቲኩን የሚይዝለት ሰው የለም፤ ፍላጎቱን፣ ፍርሃቱንና ምርጫውን ጸሐፊው ካልሰጠው የሚዘል ስዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማሪዮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» ላይ ብቅ ሲል መጠሪያው «ጃምፕማን» (ዘላዩ ሰው) ነበር፤ ስሙ ራሱ ከዝላዩ የወጣ ነው።

ክፍል አንድ ይህን ጉድለት በአዲስነቱ ይሸፍነዋል። ተመልካቹ የለመደው ዓለም ሲንቀሳቀስ ማየቱ ራሱ ይበቃዋል። ክፍል ሁለት ላይ ያ ደስታ ተበልቷል። ብዙ ጸሐፊዎች ክፍተቱን በአዲስ ገጸ ባህሪ፣ በአዲስ ዓለምና በፍንዳታ ለመሙላት ይሞክራሉ፤ ስክሪፕቱ የሚሳሳውም እዚሁ ላይ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ጎንደር ላይ የተሠራ ጌም እናስብ። ተጫዋቹ አለሜ የምትባል ልጅ ሆኖ በፋሲል ግቢ ግንቦች ላይ እየዘለለ ቁልፍ ይሰበስባል፤ በመጨረሻው ሌቭል የቦዩን በር ከፍቶ የቀሃን ውሃ ወደ ፋሲል መዋኛ ይለቃል። ክፍል አንድ ፊልሙም እዚያው አለቀ፦ መዋኛው ሞላ፣ ጥምቀት ደረሰ፣ ሕዝቡ እልል አለ።

አሁን አንድ ወረቀት በአራት ዓምድ ክፈሉ። ስም፤ በክፍል አንድ የፈለገው፤ ያገኘው፤ ያንን ለማግኘት ሲል ማንን ምን እንዳስከፈለ። የክፍል ሁለት ታሪክ ያለው አራተኛው ዓምድ ውስጥ ነው፤ ባዶ ከሆነ እስኪሞላ ድረስ አንድም ትዕይንት አትጻፉ። አለሜ ውሃውን ስታመጣ ከማን ወሰደችው? ጥር በጋ ነው፤ ከወንዙ ግርጌ አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ በክፍል አንድ የቦዩን መንገድ ያሳዩዋት ጋሽ ደምሌ ናቸው እንበል፤ ጎመናቸው እየደረቀ ነው። ከሌላ ዓለም ጭራቅ ማስመጣት አላስፈለገንም። ባላጋራዋ የገዛ ወዳጇ ናቸው፤ እሳቸውም እውነት አላቸው። አለሜ የምታደርገው ማንኛውም ምርጫ አንድ ሰው ይጎዳል፤ ባህሪዋ የሚታየውም ያኔ ነው።

ዓምዱ ሌላ በሽታም ያሳያችኋል። በክፍል አንድ ድፍረት የተማረ ጀግና በክፍል ሁለት መጀመሪያ እንደገና ፈሪ ሆኖ ይመጣና ያንኑ ትምህርት ይማራል። ጌም ሲያበቃ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የጻፋችሁትን ጀግናው ይዞ ይግባ። ደፋር ከሆነ ድፍረቱ ራሱ የሚያመጣውን ጣጣ ጻፉ። ወላጅ የሞተበትን ልጅነት በትዝታ ትዕይንት መጨመርም መፍትሔ አይሆንም፤ ሐዘን የደረሰበትን ነገር ይነግረናል እንጂ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይነግረንም።

የሰው ብዛት ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው። በ90 ደቂቃ ፊልም ሩጫውና ድብድቡ 30 ደቂቃ ቢወስድ 60 ይቀራል። አራት ነባርና ስድስት አዲስ ገጸ ባህሪያት ሲካፈሉት ለአንዱ ስድስት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ በስድስት ደቂቃ አንድ ሁለት ቀልድ ተናግሮ ከመውጣት በቀር ምንም አይሠራም። ከሁለት በላይ አዲስ ሰው አታስገቡ። የጌሙ ወዳጆች የሚጠብቁት ሌላ ገጸ ባህሪ ካለ ከበስተጀርባ ይለፍ፤ የሚያውቀው ያየዋል፣ የማያውቀውም ምንም አይጎድልበትም።

ከዚያ ትዕይንቶቹን እያንዳንዳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በካርድ ላይ ጽፋችሁ ደርድሩ። በሁለት ካርዶች መካከል የሚገባው ቃል «ስለዚህ» ወይም «ግን» ነው? ወይስ «ከዚያ» ብቻ? ሦስት «ከዚያ» ከተከታተለ ከሌቭል ወደ ሌቭል እየተሻገራችሁ ነው። ካርዱን ለመጣል አትቸኩሉ፤ ከእሱ በፊት ባለው ትዕይንት ገጸ ባህሪው ምን ቢወስን ይህ ሊከተል እንደሚችል ጠይቁ። ጀግናው ካርታ ወይም ቁልፍ ስላገኘ ብቻ የሚቀጥል ትዕይንት ሁልጊዜ ይጠርጠር።

ምልልስ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡ። ደካማ ስክሪፕት ሰዎቹን ስሜታቸውን ያስነግራቸዋል፦

«ጋሽ ደምሌ፣ በጣም አዝናለሁ፤ ግን ውሃው የከተማችን ተስፋ ስለሆነ ልተወው አልችልም።»
«እኔም እንደተከዳሁ ይሰማኛል፣ አለሜ።»

ያንኑ ትዕይንት እንዲህ ሞክሩት፦

«ጥምቀት መቼ ነው የሚውለው?»
«ሦስት ቀን ቀረው፣ ጋሽዬ።»
«ጎመኑ ሦስት ቀን አይጠብቅም።»

አለሜ መልስ የላትም። የደረቀ ቅጠል ከመሬት አንስታ ኪሷ ትከታለች። ሰሙ ጎመን ነው፣ ወርቁ «ከዳሽኝ» ነው፤ በአዝማሪ አገር ያደገ ጸሐፊ ይህን ጥበብ ከማንም አይማርም፣ ለፊልም ሲጽፍ ግን ይረሳዋል። ቅጠሉም ሥራ አለው፦ ከ20 ደቂቃ በኋላ የቦዩ በር ላይ ቆማ ስታመነታ ከኪሷ ይወጣል፤ ያኔ ቃል አያስፈልግም። አኒሜሽን ዓይንና እጅን እንደልብ መሳል ይችላልና ጸሐፊው ዝም የሚልበትን ቦታ ለሰዓሊው ይተውለት። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሳሉት መላእክት በዓይን ብቻ ስንት እንደሚናገሩ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ምልልሱን ለመፈተን ስሞቹን በወረቀት ሸፍናችሁ አንብቡ። የማን ንግግር እንደሆነ ካልለያችሁ ሁሉም በእናንተ አፍ እያወሩ ነው። ቀልዱ ከአንዱ ገጸ ባህሪ ተወስዶ ለሌላው ቢሰጥ ልዩነት ከሌለው ቀልዱ ይውጣ።

ርዝመቱን በገጽ አትለኩ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚባለው ልማድ ለእንግሊዝኛ ስክሪፕት አጻጻፍ የወጣ ነው፤ በአማርኛ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ያዙት። እርማቱ ሁሉ በወረቀት፣ ቢዘገይ በአኒማቲክ (ንድፎቹ ከድምፅ ጋር ተቀጣጥለው በሚታዩበት ረቂቅ ፊልም) ይለቅ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ አንድ ደቂቃ 1,440 ምስል ይሆናል፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጣል የሁለት ደቂቃ ትዕይንት የብዙ ሰው ድካም ይዞ ይሄዳል።

ስክሪፕቱ ሲነበብ እንዲሰሙ አምስት ስድስት ሰው ጋብዙ፤ ሁለቱ ጌሙን ተጫውተው የማያውቁ ይሁኑ። እነሱ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ወይም «ለምን አይተወውም?» ያሉበትን መስመር ምልክት አድርጉበት፤ አታስረዷቸው። ምልክት ያለበት ገጽ ሁሉ ወደ አራቱ ዓምዶች ይመለስ።