ስፓርክና ሃዱፕ ጆብ ብዙ ፋይል ሲጽፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ስፓርክና ሃዱፕ ትልቅ ዳታን ብዙ ማሽን ላይ ከፋፍለው የሚሰሩ ሲስተሞች ናቸው፣ ሙሉው ስራ ጆብ ይባላል፣ የተከፋፈለው እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ታስክ። ዳታን በከተማ ወይ በቀን ለያይቶ የተለያየ ፋይል ላይ መጻፍ በኮድ አንድ ሁለት መስመር ነው፣ ጣጣው የሚመጣው ጆቡ አልቆ ፎልደሩን ስትከፍቱት ነው። ምልክቱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፦ ይሄን ፋይል የከፈተው የትኛው ታስክ ነው፣ የዘጋውስ ማነው? ብዙ ሰው ሮጦ ኮንፊግ መነካካት ይጀምራል፣ እኔ ግን የዚህን መልስ ሳታገኙ ምንም ባትነኩ ነው የምለው።

"ስፓርክ ላይ ፓርቲሽን ባይ ብዬ ጻፍኩ፣ በሺ የሚቆጠር ሚጢጢ ፋይል መጣ"

ፓርቲሽን ባይ ፎልደሩን ነው የሚለያየው እንጂ ዳታውን ከታስክ ወደ ታስክ አያዘዋውርም። እያንዳንዱ ታስክ እጁ ላይ ያለውን ሪከርድ ያያል፣ ለሚያገኘው ከተማ ሁሉ የራሱን ፋይል ይከፍታል። ሸፍል (ዳታን ከታስክ ወደ ታስክ ማዘዋወር) ሲኖር ዳታው የሚከፈልበት የፓርቲሽን ብዛት ዲፎልቱ (ካልነካችሁት) 200 ነው፣ ለአንድ ፓርቲሽን አንድ ታስክ፣ 30 ከተማ ካላችሁና ሁሉም ታስክ ውስጥ ሁሉም ከተማ ካለ 6000 ፋይል ማለት ነው። ከስፓርክ 3.2 ጀምሮ አዳፕቲቭ ኤክስኪውሽን (ስፓርክ ጆቡ እየሮጠ ፕላኑን የሚያስተካክልበት) ሳትነኩት የሚበራ ስለሆነ የታስኩን ብዛት ሊቀንስላችሁ ይችላል ግን ታስክ በከተማ ቁጥር መባዛቱ አይቀርም። ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፣ ኤችዲኤፍኤስ (የሃዱፕ ፋይል ማስቀመጫ) ላይ የብሎክ፣ ማለትም ፋይሉ የሚቆራረጥበት ቁራጭ፣ ልክ ዲፎልቱ 128 ሜጋባይት ነው፣ እናንተ የኪሎባይት ፋይል ስትደረድሩበት ኔምኖዱ (የፋይሎቹን ዝርዝር የሚይዘው ማሽን) የእያንዳንዱን ፋይልና ብሎክ መረጃ ሜሞሪው ላይ ስለሚይዝ እሱ ይጨናነቃል፣ ነገ ያንን ዳታ የሚያነበው ጆብም ከማንበብ ይልቅ ፋይል በመክፈትና በመዝጋት ጊዜውን ይጨርሳል።

መፍትሄው ከመጻፋችሁ በፊት በዛው ኮለም ሪፓርቲሽን ማድረግ ነው። ያኔ የአንድ ከተማ ሪከርድ በሙሉ አንድ ታስክ ላይ ይሰበሰባል፣ ለአንድ ከተማም አንድ ፋይል ይወጣል።

"እሺ ሪፓርቲሽን አደረግኩ፣ አሁን ደግሞ አንድ ታስክ አላልቅ አለ"

ይሄ ያው የሚጠበቅ ነው፣ በተለይ የኛ አገር ዳታ ላይ። በከተማ ስትከፍሉ የአዲስ አበባው ክምር ከሌላው ጋር አይወዳደርም፣ እሱን የያዘው ታስክ ብቻውን ሲንፏቀቅ ሌሎቹ ጨርሰው ይጠብቁታል። ማክስ ሪከርድስ ፐር ፋይል የሚባለው ኦፕሽን ፋይሉን ይቆራርጥላችኋል፣ ግን የሚቆራርጠውም ያው አንዱ ታስክ ስለሆነ ፍጥነቱ ላይ ምንም አይጨምርም። የሚሰራው ሶልት መጨመር ነው፦ ለአዲስ አበባ ብቻ ከ0 እስከ 7 የሚሆን ተጨማሪ ኮለም ትሰሩና በከተማና በሱ ሪፓርቲሽን ታደርጋላችሁ፣ ሌሎቹ ከተሞች 0 ይሁኑ። ስምንቱ ቁጥር አንዳንዴ አንድ ታስክ ላይ ሊገጣጠም ይችላል፣ ቢሆንም ሸክሙ በደንብ ይከፋፈላል። እና እባካችሁ ሶልቱን በራንደም አታውጡት። አንድ ማሽን ወድቆ ታስኩ እንደገና ሲሰራ ለሪከርዱ ሌላ ቁጥር ሊወጣ ይችላል፣ ሪከርዱ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ከዛ ሊደገም ወይ ሊጠፋ ይችላል፣ ጆቡ ግን ምንም ኤረር ሳያሳይ በሰላም ጨረስኩ ይላችኋል። ከሪከርዱ መለያ፣ ለምሳሌ ከትራንዛክሽን ቁጥሩ፣ ሃሽ (ለአንድ ነገር ሁሌ ያው ቁጥር የሚሰጥ ስሌት) አውጥታችሁ ለ8 ስታካፍሉ የሚቀረውን ውሰዱ፣ ስንቴም ቢሰራ ያው ቁጥር ነው የሚመጣው።

"ፋይል አንድ ብቻ እንዲሆን ኮዋሌስ 1 አልኩ፣ ጆቡ ኤሊ ሆነ"

ኮዋሌስ (የፓርቲሽን ብዛት የሚቀንሰው ትእዛዝ) ሸፍል ስለማያደርግ ከሱ በፊት ያለውንም ስራ ወደ አንድ ታስክ ይጎትተዋል። ሪፓርቲሽን 1 በሉት፣ ስራው በብዙ ታስክ ተሰርቶ መጻፉ ብቻ በአንድ ይሆናል።

"ማፕሪዱስ ላይ በመልቲፕል አውትፑትስ የጻፍኩት ፋይል ባዶ ነው ወይ መጨረሻው ተቆርጧል"

ማፕሪዱስ የሃዱፕ የስራ ስልት ነው፣ ማፐሩ ዳታውን አንብቦ ያዘጋጃል፣ ሪዱሰሩ በኪይ (በመለያ) የተሰበሰበውን ይጨርሳል፣ መልቲፕል አውትፑትስ ደግሞ ብዙ ፋይል ላይ የሚያስጽፈው ክላስ ነው። ፋይሉ ባዶ ከሆነ በብዛት ክሎዝ አልተደረገም ማለት ነው። የተጻፈው በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ላይ ቆይቶ ፋይሉ ላይ ሳይደርስ ታስኩ ይዘጋል። ክሊንአፕ ሜተድ (ታስኩ ሲጨርስ የሚጠራው) ውስጥ ክሎዝ አድርጉት፣ አለቀ። የናንተ ፋይሎች ደህና ሆነው ጎን ለጎን ፓርት ብለው የሚጀምሩ ዜሮ ባይት ፋይሎች ከመጡ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ዋናው አውትፑት ምንም ባይጻፍበትም ፋይሉን ቀድሞ ስለሚከፍት ነው፣ ሌዚ አውትፑት ፎርማት ስትጠቀሙ ይጠፋሉ። ኢሊጋል አርጉመንት የሚል ኤክሴፕሽን ካያችሁ ደግሞ ስሙን እዩት፣ ኔምድ አውትፑት (ለመልቲፕል አውትፑትስ የምትሰጡት የውጤት ስም) ከላቲን ፊደልና ከቁጥር ውጪ አይቀበልም፣ ሰረዝም አንደርስኮርም አይሆንም።

ሜሞሪ አለቀ ካለ፣ መልቲፕል አውትፑትስ የከፈተውን ራይተር (ፋይሉ ላይ የሚጽፈውን) ሁሉ እስከ መጨረሻው ክፍት አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ፓርኬት (ዳታን በኮለም የሚያስቀምጥ የፋይል አይነት) ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ራይተር ሮው ግሩፑን (የሪከርዶቹን ጥቅል) ሜሞሪ ላይ ያጠራቅማል። ስለዚህ ማፐሩ ላይ አትጻፉ፣ ሪዱሰር ላይ ጻፉና አንድ ሪዱሰር ጥቂት ኪይ ብቻ እንዲያይ ፓርቲሽነር (የትኛው ኪይ ወደ የትኛው ሪዱሰር እንደሚሄድ የሚወስን) ስሩለት።

"ፋይሉ አለ ብሎ ይወድቃል፣ እኔ ግን አልፈጠርኩትም"

ይሄ ብዙ ሰው ያደናግራል። ሃዱፕ እያንዳንዱን የታስክ ሙከራ መጀመሪያ ቴምፖራሪ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስጽፈው፣ በትክክል የጨረሰው ሙከራ ብቻ ኮሚት ተደርጎ (ጸድቆ) ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል። እናንተ ለመልቲፕል አውትፑትስ የሰጣችሁት መንገድ በስላሽ ከጀመረ ግን ቴምፖራሪውን ዘሎ በቀጥታ መድረሻው ላይ ይጽፋል። ማፕሪዱስ ደግሞ ስፔኩሌቲቭ ኤክስኪውሽን በዲፎልት ክፍት ስለሆነ የዘገየውን ታስክ ሌላ ማሽን ላይ ደግሞ ያስጀምረዋል፣ ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ ይጋጫሉ። ስፔኩሌሽኑን መዝጋት ግማሽ መፍትሄ ነው፣ ታስኩ ወድቆ ሲደገምም ያው ግጭት ይመጣልና። ስላሹን ከፊቱ አንሱት፣ ከአውትፑት ፎልደሩ ስር ንኡስ ፎልደር ይሁን፣ ሌላ ቦታ ከፈለጋችሁት ጆቡ ካለቀ በኋላ አንቀሳቅሱት።

"የዛሬውን ብቻ ኦቨርራይት አልኩ፣ የድሮው ሁሉ ጠፋ"

የስፓርክ ኦቨርራይት ዲፎልቱ ስታቲክ ነው፣ ሩት ፎልደሩ ስር ያለውን ፓርቲሽን በሙሉ አጥፍቶ ነው የሚጽፈው። ከ2.3 ጀምሮ ፓርቲሽን ኦቨርራይት ሞድ የሚባለውን ዳይናሚክ ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ አዲስ ዳታ የመጣበትን ፓርቲሽን ብቻ ይተካል። ፕሮዳክሽን ላይ ይሄን ሳታረጋግጡ ኦቨርራይት አትጻፉ።

"አንድ ከተማ ሁለት ሶስት ፎልደር ሆነብኝ"

ሐረርና ሀረር ለኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ሌላና ሌላ ፊደል ናቸው። ዓዲግራትና አዲግራትም እንዲሁ፣ ከኋላው ስፔስ የተረፈበት "አዲስ አበባ"ም ራሱን የቻለ ፎልደር ነው። ከመጻፉ በፊት ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው አንድ አድርጉ፣ ዓና ኣንም እዛው አ ውስጥ ክተቱ፣ ስፔሱን ከግራና ቀኝ ቁረጡ። ከዚህም የሚሻለው የከተማ ኮድ ሰጥቶ በኮዱ መክፈል ነው። ኮዱ በዜሮ የሚጀምር ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ወረዳ 03 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ስፓርክ መልሶ ሲያነበው ከፎልደሩ ስም ቁጥር ነው ብሎ ገምቶ 3 ያደርገዋል፣ ከዛ ከሌላ ቴብል ጋር ጆይን ስታደርጉ አይገጥምም። የፓርቲሽን ኮለም ታይፕ ኢንፈረንስ የሚለውን ፎልስ አድርጉት ወይ ስኪማውን ራሳችሁ ስጡት።