በትነትና በእንፋሎት ግፊት ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

የእንፋሎት ግፊት፣ ማለትም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከፈሳሹ የተነነው ጋዝ የሚፈጥረው ግፊት፣ ሲማሩት ቀላል ይመስላል። ፈተና ላይ ግን ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር ያሰናክላል። ስሌቱ ከብዶ አይደለም፤ ስለ ትነት ቀድመን የያዝነው ሐሳብ ስለሚያሳስተን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ውሃ የሚተነው ሲፈላ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይፈላ ይደርቅ የለ? ትነት ከፈሳሹ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ይካሄዳል። ፈጣኖቹ ሞለኪውሎች ከሌሎቹ ስበት አምልጠው ይወጣሉ። ዘገምተኞቹ ስለሚቀሩ ፈሳሹ ይቀዘቅዛል። መርፌ ልንወጋ አልኮል ሲቀቡን ቆዳችን ቀዝቀዝ የሚለው ለዚህ ነው። ሲፈላ ግን ከፈሳሹ ውስጥም አረፋ ይነሳል። የሚንተከተክ ውሃ አረፋ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አይደለም፤ ያው ውሃ ነው፣ ጋዝ ሆኖ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው «ውሃው ሲበዛ የእንፋሎት ግፊቱም ይበዛል» የሚለው ነው። አይበዛም! በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ የእንፋሎት ግፊት 23.8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ውሃው ብዙም ሆነ ትንሽ ያው ነው። ገጹ ሲሰፋ ብዙ ሞለኪውል ይወጣል፤ በዚያው ልክ ብዙ ይመለሳል። ስፋቱ የሚጠቅመው እዚያ ግፊት ላይ ቶሎ ለመድረስ ብቻ ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፦ ፈሳሽ መትረፍ አለበት። አየሩ የወጣለት 10 ሊትር ዕቃ ውስጥ 1 ግራም ውሃ ጨምራችሁ በ25 ዲግሪ ዝጉት። በጋዝ ቀመር (PV = nRT) ስታሰሉት 0.23 ግራም ገደማ ይተናል፤ ሌላው ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ግፊቱም 23.8 ነው። አሁን 0.1 ግራም ብቻ ጨምሩ። ሁሉም ይተንና ግፊቱ 10.3 አካባቢ ላይ ይቆማል። እዚህ ጋ 23.8 ብሎ የሚመልስ ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመንካታችሁ በፊት «ፈሳሽ ተርፏል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ግፊቱ አልለወጥ ሲል ትነቱ ቆመ ማለትም አይደለም። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ሆነ ማለት ነው እንጂ።

ሌላው፣ ከባድ ሞለኪውል ሁልጊዜ ቀስ ብሎ ይተናል የሚለው ነው። የኢታኖል (የአልኮል) ሞለኪውል ከውሃ ይከብዳል፤ በሞል 46 ግራም ለ18። በ20 ዲግሪ ግን የኢታኖል ግፊት 44፣ የውሃ 17.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ትስስር አጥብቀው ስለተያያዙ ነው። ስበቱ ሲጠነክር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ይህን ገልብጠው የሚጽፉም አሉ።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው ደግሞ የባሕር ወለል ላይ እውነት ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎት ግፊቱ በላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ የሚወስደውም ለዚህ ነው። እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

በመጨረሻም ስሌቱ። ከ25 ወደ 50 ዲግሪ ሲሄድ ግፊቱ እጥፍ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን ወደ 92.5 ይወጣል፤ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የእንፋሎት ግፊት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለወጥ በሚያሰላው በክላውሲየስና ክላፔይሮን ቀመር ስትሠሩ ሙቀቱን 298 እና 323 ኬልቪን አድርጉት። ለትነት የሚያስፈልገውን ኢነርጂም፣ ለውሃ በሞል 44 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ወደ ጁል ቀይሩት፤ የጋዝ ቋሚው 8.314 በጁል ነውና። መልሳችሁ ግፊቱ ምንም አልተለወጠም ካለ፣ ይህችን አንድ ሺህ ረስታችኋል።