ሰርቨር ሲታገድ የሚሠሩ ስህተቶች

ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ የሚሻገር እንግዳ ቦታ የሚይዝበት ድረ ገጽ አንድ ጠዋት አልከፈት ሲል፣ ባሕር ዳር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኔትወርኩ ነው። ራውተር ሲጠፋና ሲበራ ግማሽ ቀን ያልፋል። ሌላ ድረ ገጽ የሚከፍት ከሆነ ግን መስመሩ ደህና ነው፤ ቶሎ ወደ ሆስቲንግ ድርጅቱ (ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚያከራየው) የደንበኛ ገጽ ገብተው እገዳ መኖር አለመኖሩን ይዩ።

ሁለተኛው ስህተት ምክንያቱን ሳይለዩ መሯሯጥ ነው። እገዳ በአብዛኛው የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፦ ካልተከፈለ ሂሳብ፣ ከማንነት ጥርጣሬ፣ ወይም ከሰርቨሩ ከወጣ ጥቃት። ሂሳቡ ሲከፈል ያልቃል። ጥርጣሬው ግን እኛ ዘንድ የራሱ መልክ አለው፤ ካርዱ አሜሪካ ያለ ዘመድ፣ አካውንቱ የእርስዎ፣ መግቢያው ደግሞ ከባሕር ዳር ይሆናል። ሲጠየቁ እንዳለ ይናገሩ፤ የካርዱ ባለቤትም ራሱ ያረጋግጥ። በሌላ ስም አዲስ አካውንት ከከፈቱ አጭበርባሪ መስለው ይታያሉ፣ ሁለቱንም ሊያጡ ይችላሉ።

ድርጅቱ ለመልስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብም ያሳስታል። «እስከ 12:00 ዩቲሲ» (በዓለም መደበኛ ሰዓት) ማለት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ማታ 12 ሰዓት መስሎት የጠበቀ ሰው 3 ሰዓት ዘግይቷል።

ማስጠንቀቂያው የሚመጣበት ኢሜይል እዚያው ሰርቨር ላይ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ አያዩትም። ለአካውንቱ ጂሜይል ይስጡ። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት እንደተቋረጠው ዓይነት ነገር ቢገጥም መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ከከተማው ውጭ ላለ አንድ የሚታመን ሰው የራሱን መግቢያ ይክፈቱለት።

ለድርጅቱ የሚልኩትን የእርዳታ ጥያቄ (ትኬት) አይደራርቡ። አንዱ ይበቃል።

ምክንያቱ ጥቃት ሲሆን ከሁሉም የከፋው ስህተት አንድ ፋይል ሰርዞ «ተስተካክሏል» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሰርጎ ገቡ የሚገባው ባረጀ የዎርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ፕለጊን፣ ማለትም ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ወይም ከማይታወቅ ቦታ በነፃ በወረደ ቴም (የገጹ መልክ) በኩል ነው። ከዚያ በፖርት 25 (በኢሜይል መላኪያው በር) በሺዎች የሚቆጠር ኢሜይል ይረጫል፣ ወይም የውሸት የባንክ ገጽ ያስቀምጣል። ያዩትን ቢያጠፉም ክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ሥራ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ውስጥ የተወው ትእዛዝ ወይም የጨመረው የኤስኤስኤች ቁልፍ (ያለ ይለፍ ቃል ከሩቅ መግቢያ) ማታውኑ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው እገዳ ደግሞ በቀላሉ አይነሳም። ስለዚህ ሰርቨሩ በሬስኪዩ ሞድ (የራሱ ሲስተም ሳይነሳ፣ ለጥገና ብቻ) እንዲከፈትልዎ ይጠይቁ። መጀመሪያ ዳታቤዙን፣ ምስሎቹንና ሎጎቹን (ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚመዘግቡትን ፋይሎች) ይቅዱ፤ ክፉው ፋይል የተፈጠረበትን ሰዓት ከሎጉ ጋር ካስተያዩ የተገባበት በር ይታያል። ከዚያ ሲስተሙን ከባዶ ይጫኑ፣ ዎርድፕሬሱን ከዋናው ምንጭ ያውርዱ። ከአሮጌው የሚመለሱት ዳታቤዙና ምስሎቹ ብቻ ናቸው፤ ዳታቤዙ ውስጥ የማያውቁት አስተዳዳሪ፣ የምስሎቹ ፎልደር ውስጥ የፒኤችፒ (የፕሮግራም ኮድ) ፋይል ካለ ያስወግዱ። የይለፍ ቃላቱን ሁሉ ይቀይሩ። ትኬቱ ላይ በምን እንደገባ፣ ምን እንዳጠፉና ዳግም እንዳይገባ ምን እንዳደረጉ ይጻፉ፤ ለዚህ አራት መስመር እንግሊዝኛ ይበቃል።

ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) እዚያው አካውንት ውስጥ ካለ አብሮ ይቆለፋል። ከታገዱ በኋላ ባክአፕ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ በየሌሊቱ የዳታቤዙን ቅጂ ቢሮ ባለ ዲስክ ላይም ያውርዱ።

ዶሜይኑንም (የድረ ገጹን ስም) ሌላ ድርጅት ዘንድ ያስመዝግቡ፤ የዲኤንኤሱን (ስሙን ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር የሚያገናኘውን) ቲቲኤል፣ ማለትም አድራሻው ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከ86400 ሰከንድ ወደ 300 ያውርዱት። ያኔ ወደ አዲስ ሰርቨር ለመዞር 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ከታገዱ በኋላ ቢያወርዱት ግን የድሮውን አድራሻ አስቀድመው የያዙ አንድ ሙሉ ቀን ሊቆዩበት ይችላሉ።