ሐዋሳ ላይ ቤተ መጻሕፍትን ለጎዳና ነዋሪም እንዴት መክፈት ይቻላል?

ጎዳና የሚያድር ሰው ችግሩ ሌሊቱ ብቻ አይደለም። ቀኑም መዋያ ይፈልጋል። ካፌ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ከሱቅ ደጃፍ ይባረራል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን በነጻ ወንበርና ጣሪያ አለው።

ከበሩ ጀምሩ። ጥበቃው መታወቂያ አሳይ ይላል። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ የቤት ቁጥር ያስፈልጋል። ቤት የሌለው ሰው ከየት ያምጣ? ስለዚህ መጽሐፍ ተውሶ የሚወጣ መታወቂያ ያሳይ፣ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ስሙን ብቻ ያስመዝግብ። ጥበቃዎቹንም በደንብ አነጋግሯቸው። የሚረብሽ ሰው ማንም ቢሆን ይውጣ፤ በልብሱ ምክንያት ግን ማንም አይመለስ። እንቅልፍ ቢወስደውስ? እኔ ብሆን አልቀሰቅሰውም። ሌሊቱን ዕቃውን ሲጠብቅ ያደረ ሰው ነው።

ሊስትሮው ሳጥኑን፣ ሌላው ማዳበሪያውን ደጅ ጥሎ አይገባም፤ ይሰረቅበታል። በሩ አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት መደርደሪያ ይበቃል። ውሃ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያም አዘጋጁ። በሲዳሙ አፎና በወላይትኛ የተጻፉ መጻሕፍትም አይጥፉ።

ቀጥሎ ባለሙያ አምጡ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሁሉንም ችግር ልፍታ ቢል አይችልም። የሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2009 እ.ኤ.አ. ማኅበራዊ ሠራተኛ ቀጠረ። በኋላ ራሳቸው ጎዳና የኖሩ ሰዎችንም በዚሁ ሥራ አሰማራ። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው፤ የጎዳናን ሰው ጎዳና የኖረ ያውቀዋል። እኛ ጋ በሳምንት አንድ ከሰዓት ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ቢመጣ ሥራው ይጀመራል። የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል፣ ወደ ቤተሰቡ መመለስ የሚፈልገውን ያገናኛል። ለፋይዳ ምዝገባም ያግዛል፤ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል።

ሰፈሩስ? ለገብርኤል ንግሥ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ምጽዋቱ ይትረፈረፋል። በማግሥቱ ግን የለም። ዕድሮች ድስቱም ሳህኑም አላቸው፤ ወር በወር ተራ ገብተው በሳምንት አንድ ቀን ምሳ ያብሉ። ሰዎቹን አታሰልፉ፣ አስቀምጣችሁ አብሉ። ቪዲዮ ግን በፍጹም አትቅረጹ። ያ ልጅ ነገ ሥራ ይለምናል፤ እናቱም ገጠር ሆና በሰው ስልክ ልታየው ትችላለች።

ሰዓቱን ደግሞ ከእነሱ ጋር ተማከሩ። ብዙዎቹ ጠዋት መናኸሪያ ዕቃ ሲሸከሙ ይውላሉ፤ የሚመቻቸው ከሰዓት ሊሆን ይችላል።